የኮንጋ ማር፣ የግብር ጠጅ

ጠጅን ከንግሥተ ሳባ ማዕድ የሚጀምር ሰው ሞልቷል። ለቱሪስት በሚታደል ወረቀት ላይ ያምር ይሆናል፤ ማስረጃ ግን የለውም። የማር መጠጥ ወሬ ለአገራችን በቀረበ ሥፍራ በጥንት ጽሑፍ የሚገኘው ከግሪኮች ዘንድ ነው። ስትራቦ የተባለው ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባዘጋጀው የጂኦግራፊ መጽሐፍ፣ በ16ኛው ክፍል፣ በቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ ስለሚኖሩ ከብት አርቢዎች ሲያወሳ መጠጣቸውን ለሁለት ይከፍለዋል። ብዙዎቹ ከአንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ የተዘጋጀ መጠጥ ይጠጣሉ፤ አለቆቻቸው ግን ማር በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። ወሬውን የወሰደው ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ከኖረው ከአጋታርኪደስ ነው። በስም የጠቀሰው ቁጥቋጦ በዛሬው የዕፅዋት አመዳደብ ከጌሾ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ስለዚህ ጌሾ ነበር ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል አለ፤ እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ይልቅ የሚገርመው ማሩ የአለቃ፣ ቁጥቋጦው የተራው ሰው መሆኑ ነው። የጠጅ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ከዚህ ክፍፍል ብዙም አልራቀም።

በአክሱም ዘመን መጀመሪያ በአዱሊስ ወደብ ስለሚራገፈው ዕቃ የጻፈ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ፣ ከላኦዲቅያና ከኢጣልያ የመጣ ወይን ይቆጥራል፤ ብዙ እንዳልሆነም ያክላል። ወይን ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ውድ ነው። ማር ግን ደጋውን ወጥቶ ጫካው ውስጥ አለ። ያንን ማር ማን ይቆርጣል፣ ለማን ያስረክባል የሚለው ነው የኋላው ጣጣ።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የወረደው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ ቆይቶ ያየውን ጻፈ። በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ከንጉሡ ድንኳን ለእንግዶቹ የማር ጠጅ በጋን እየተላከ ይመጣ ነበር። ቄሱ የቅዳሴውን ወይን ነገርም ልብ ብሎ አይቷል፤ እርሱ ከዘቢብ ይጨመቃል እንጂ ከማር አይደለም። ለመሠዊያው ዘቢብ፣ ለአዳራሹ ማር፣ ለገበሬው ጠላ፤ አገሩ መጠጡን እንዲህ ደልድሎ ይኖር ነበር። ጎንደርንና ዘመነ መሳፍንትን ልዝለላቸው። አጣጣሉም ያው፣ ጠጪውም ያው ነበር።

ነገሩ የሚለወጠው ግዛቱ ወደ ደቡብ ሲሰፋ ነው። አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው የሚያበሉት ግብር የመንግሥት ሥራ እንጂ ድግስ ብቻ አልነበረም። መኳንንቱ፣ ወታደሩና ካህኑ በየማዕረጉ ይገባል፣ ቁርጥ ይቀርብለታል፣ ጠጅ በቀንድ ዋንጫና በብርሌ ይታደለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲጎነጩ ዓይን እንዳያያቸው ነጠላ ይጋረዳል። ለአንድ ሰው ሹመት፣ ለሌላው ምሕረት፣ ለሦስተኛው ቁጣ የሚደርሰው በዚያው አዳራሽ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ለማጠጣት የሚፈጀው ማር ከሸዋ ጓሮ ብቻ አይሞላም። ስለዚህ በጉንዶ ዕቃ እየተሰፈረ የሚከፈል ማር ከገባሩ ግዴታ አንዱ ሆነ፤ ጫካ ያለው አገር ሁሉ ማር ከፋይ ሆነ።

ጌዴኦ ጫካ ያለው አገር ነው። አሁንም ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው ጫካ ይምሰለው እንጂ እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መሐል ቡና። ከይርጋ ጨፌ ከተማ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ኮንጋ ደግሞ የዚህ እርሻ እምብርት ነው፤ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ላይ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ቡናው የበልጉን ዝናብ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ነጭ ሲለብስ ንቡ እዚያ ነው። ቡናው ሲያበቃ ብሳናው አለ፣ ግራዋው አለ። ቀፎው ከዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ቆራጩ በሌሊት ጭስ ይዞ ይወጣል፣ የማር እንጀራውን ይቆርጣል፣ ከነሰፈፉ ይዞ ይወርዳል። አገሬው ይህን የሚያውቀው የማንም ጦር ሳይደርስ በፊት ነው።

የምኒልክ ጦር ጌዴኦን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ከአድዋ በኋላ ሲዳሞ የተሰጠው ለደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው ለአባ ነፍሶ ነበር። መሐል ላይ ለጥቂት ዓመታት ቢነሡም ተመልሰው እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ ገዙት። መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ነበር። በዚያ አገዛዝ ገበሬው ለነፍጠኛ ይደለደላል፤ እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ ማር ይከፍላል። ባልቻ በአድዋ በመድፍ የተዋጉ ጀግና ናቸው፤ ይህ አይካድም። ከኮንጋ ቁልቁለት ሲታዩ ግን የሚታዩት በመድፋቸው አይደለም።

የባልቻ ውድቀት ታሪክ ራሱ በግብር አዳራሽ ያለቀ ነው፤ በዝርዝር ባይነገር ያስቆጫል የሚባል ዓይነት። ሲዳሞ በቡናው እየከበረ ሲሄድ ባልቻ አገሩን እንደ ግል ርስታቸው ይዘው፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ፊት ነሷቸው። ለንግሥት ዘውዲቱ እንጂ ለእርሳቸው አልሰግድም ያሉ ያህል ነበር። በ1920 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ ሲጠሩ ብቻቸውን አልመጡም፤ በሺህ የሚቆጠር ጦር አስከትለው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ ጦር አላሰለፉም፤ ግብር አዘጋጁ። ባልቻ አጃቢያቸውን ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ፣ ተመሰገኑ፣ ተሞገሱ፣ በሉ ጠጡ። እዚያ እያሉ ራስ ካሣ ኃይለ ዳርጌ ንፋስ ስልክ ወርደው ለሰፈረው ጦር ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቱት። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። በዚያው የሲዳሞ ሹመት ለብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ አንድ ግዛት በግብር ገበታ ላይ ከእጅ ወጣ። ባልቻ ከዚያ በኋላ ዓመታት ቆይተው ጣልያን ሲገባ በስተርጅና ጠመንጃ አንሥተው ተዋግተው ወደቁ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ለኮንጋ ገበሬ ግን ሹሙ ተለወጠ እንጂ ሥርዓቱ አልተለወጠም። ጣልያን መጣ፣ አምስት ዓመት ቆየ፣ ሄደ። ያኔ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ (አፄ ኃይለ ሥላሴ) ሲመለሱ ግብሩ በገንዘብ መከፈል ጀመረ፤ ቡናውም ከማሩ በልጦ የጭቅጭቅ ምክንያት ሆነ። መሬቱን በስማቸው ያስመዘገቡ ባለ ርስቶች የቡናውን ድርሻ ከፍ ሲያደርጉት፣ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በሚቺሌ ተነሣ። ጦርና ገጀራ ይዞ ጠመንጃ የያዘ ኃይል ገጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ዛሬም ድረስ በዲላ አዛውንት ዘንድ «ሚቺሌ» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል።

በዚሁ ዘመን፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም.፣ ሌላ ለውጥ ጀምሮ ነበር። የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ዲላ ገብተው ማስተማር ያዙ፤ ቀስ በቀስም አብዛኛው ጌዴኦ ያንን እምነት ተቀበለ። ይህ ለጠጅ ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚያሰክር መጠጥ በማይቀመስበት ቤት ማሩ ብርዝ ሆኖ ይቀራል፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ሳይፈላ፣ በዚያው ቀን ይጠጣል። ስለዚህ አሁን ኮንጋ ላይ ከሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ጠጅ ይጥላል፣ አንዱ ብርዝ ያቀርባል። እንግዳው የየትኛው ቤት ልማድ ምን እንደሆነ አውቆ ነው የሚገባው፤ ካላወቀም ልጆቹ ይነግሩታል።

የመሬቱ ነገር የተፈታው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የደርግ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገና የባለ ርስት ድርሻ የሚባለውን ቆረጠው። ደርግ ከዚያ በኋላ በቡናው ላይ ያደረገው ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ቀፎውን ግን ማንም ጌታ አልጠየቀውም። ማሩን የቆረጠ ሰው ከፈለገ ይሸጠዋል፣ ከፈለገ ይጥለዋል። ከስትራቦ አለቆች እስከ ባልቻ ጋን ድረስ ያልሆነው ነገር እዚህ ላይ ሆነ ብዬ አምናለሁ፤ ጠጅ የቆራጩ ቤት መጠጥ ሆነ።

እንግዲህ የጠጁን አጣጣል ደረጃ በደረጃ እንየው። ጋኑ፣ ጋን ከሌለም እንስራው ወይም የዛሬው ፕላስቲክ በርሜል፣ ከሁሉ በፊት ይታጠባል። ሸክላ ከሆነ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ነው የሚታጠበው፤ ከዚያ አፉ ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የወይራው ጭስ ጠረን ብቻ አይደለም፤ ሸክላው ጉያ ውስጥ የተደበቀውን የቆየ ኮምጣጣ ያጠፋዋል። ፕላስቲክ በርሜል መታጠን አይወድም፤ ለዚህ ነው በርሜል ውስጥ የተጣለ ጠጅ አንድ ነገር የጎደለው የሚመስለው። ማሩ ከነሰፈፉ ይገባል። አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ፤ ወፍራም የሚወድ ሁለት፣ ማሩን የሚቆጥብ እስከ አምስት ይወስደዋል። በእጅ ይፈተጋል፣ በጨርቅ ይሸፈናል፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይተዋል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ይሆናል? ማር ሲቆረጥ አይበላሽም፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። እርሾ እዚያ ውስጥ ቢኖርም ይደርቃል እንጂ አይሠራም። ውሃው ሲገባ ግን ይነቃል። እርሾውን ማንም አይገዛውም፤ ከማሩ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጠጅ ቤቶች ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ በብዛት ያገኙት ዳቦና ቢራ የሚያፈላው የእርሾ ወገን ነበር፤ ከጎኑም ጠጁን የሚያኮመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አሉ። ሌላም አንድ ነገር አረጋገጡ፤ ጠጅ ከቤት ቤት፣ በአንድ ቤት እንኳ ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም ነበር የሚል ጠጪ ይኖራል፤ ልክ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰፈፉና አረፋው ከላይ ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾው ይመጣል። ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉ ለጠላ ይሄዳል። እንጨቱ ይላጣል፣ ይታጠባል፣ ይከተከታል። ከብርዙ ተቀንሶ ጌሾው በእርሱ ይቀቀላል፣ ይበርዳል፣ ተመልሶ ጋኑ ውስጥ ይገባል። ብርዙ ሳይበርድ የመለሰ ሰው እርሾውን በገዛ እጁ ገደለ። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፤ የማሩን ጣፋጭነት ይገታል፣ ጠጁንም እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ከበዛ ግን ጠጁ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ሴቶቹ «ጌሾው ገደለው» የሚሉት ያኔ ነው። ጋኑ ይከደናል፣ በየቀኑ ይማሰላል። ጆሮውን ለጋኑ የሰጠ ሰው ሲፈላ ይሰማዋል፤ እንደ ዝናብ በደረቅ ቅጠል ላይ ሽ የሚል ድምፅ ነው።

ስንት ቀን ይፈጃል ለሚለው መልሱ አየሩ ነው። ሙቀት ባለበት ቆላ ከአምስት ቀን በኋላ ይደርሳል፤ በደጋ ብርድ 15ም 20ም ቀን ይወስዳል። ኮንጋ በመሐል ነው። በበጋው ቶሎ፣ በክረምቱ ጭጋግ ቀስ ብሎ። ሲደርስ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል፤ ጌሾውና አምቡላው ይቀራል። ጥሩ ጠጅ ቢጫ ነው፣ ትንሽ ደፍረስ ይላል፣ ምላስ ላይ ይቆነጥጣል። የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከመቶ ከ7 እስከ 11 ነው፤ ከቢራ ይልቅ ለወይን ይቀርባል። ይህን የሚረሳ ጣፋጭ ነው ብሎ የሚደግም እንግዳ ብዙ ነው፤ ከመቀመጫው ሲነሣ ያስታውሰዋል።

ይህ ሁሉ በገጠር ሲሆን ከተማው የራሱን መንገድ ሄደ። በአዲስ አበባ ጠጅ ቤት የሚባለው ንግድ የበረታው ማር በገበያ እንደ ልብ መገዛት ሲጀምር ነው። ብዙዎቹን የከፈቱት ሙያቸውን ወደ ገንዘብ የለወጡ ሴቶች ነበሩ። ጠጪው ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ ያዛል፤ ብርሌው ሆዱ ክብ አንገቱ ቀጭን ነው፣ በጣት መሐል ይያዛል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ጠጅ ቤቱ ለብዙ ዘመን አልተገፋም። የገፋው ቢራ ሳይሆን ስኳር ነው። የማር ዋጋ ሲወጣ ስኳር በውሃ ይፈላል፣ ቢጫ ቀለም ይጨመርበታል፣ ጠጅ ይባላል። ይህን መጠጥ ጠጅ ማለት አልችልም፤ በማግስቱ ራሴም አይልም።

ወደ ጌዴኦ ልመለስ። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ገበያ ስም አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲመሠረት ኮንጋ ከአባል ማኅበራቱ አንዱ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ «ኮንጋ» የሚለው ስም በቶኪዮም በኦስሎም በቡና ከረጢት ላይ ይነበባል። የታጠበ ቡና አሠራር ከጠጅ ብዙ አይርቅም። ቀዩ ፍሬ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ዝልግልጉ ልባስ በረቂቅ ሕዋሳት እስኪበላ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ይተዋል። ጠባቂው ፍሬውን በእጁ አሽቶ ሻካራ ሲሆንበት ውሃ ይለቅበታል። ጊዜው ያለፈ እንደሆነ ቡናው ይኮመጥጣል። ጠጅ በሚጣልበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሥራ ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ቡናው ከዚያ ተነሥቶ የት ይደርሳል? አንዱ መድረሻው የፈረንጅ ቅይጥ መጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዲክ ብራድሰል የተባለ የለንደን ባር አሳላፊ ቮድካን ከኤስፕሬሶና ከቡና ሊኩር ጋር በበረዶ ናጠው፤ ኤስፕሬሶ ማርቲኒ የሚባለው ከዚያ መጣ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎችም ይታዘዛል።  የኮንጋ ቡና የአበባና የሎሚ ጠረን ስላለው ለዚህ ይስማማል ይሉታል ባለሙያዎቹ። እኔ በቡናው ላይ ሊኩር መጨመር ብክነት ይመስለኛል፤ ጣዕም ግን አያከራክርም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው እንሰቱ፣ ቡናው፣ የጥንት ትክል ድንጋዮቹና የተከበሩት ደኖች አንድ ላይ ነው። ቀፎ በሰነዱ ላይ ትልቅ ቦታ አልያዘም፤ በዛፉ ላይ ግን አለ። ዛሬ የኮንጋ ሰው ማሩን ሲያወርድ ሁለት ዓይነት ገዢ ይጠብቀዋል። አንዱ ነጭና ንጹሕ፣ ሰፈፉ የወጣለት ማር ይፈልጋል፤ በጠርሙስ አሽጎ ሃዋሳና አዲስ አበባ ይወስደዋል። ሌላው ቀላ ያለውን፣ እንጀራውና ሰፈፉ የተቀላቀለውን ይጠይቃል፤ እርሱ ጠጅ ጣይ ነው። ለጠጅ ሁለተኛው ይሻላል፤ ዋጋው ይረክሳል፣ እርሾውም ከነሰፈፉ ይመጣል። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሁለቱን ማር ለየብቻ በሁለት ባልዲ ይዞ ወደ ይርጋ ጨፌ ገበያ የሚወጣው።